የባሕር አጋሰሶች

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋፋት ላይ የተቀለጡት መድፎች በሠረገላ ተጭነዋል፤ ከሁሉም የገዘፈው ሴባስቶፖል ብቻውን ሰባት ቶን ግድም ይከብዳል። በጋይንት ደጋ አድርገው፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ አንዳንዴም ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር መንገድ እየጠረጉ፣ መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህን ጉዞ የደቡብ ጎንደር ልጅ ከአያቱ አፍ እየሰማ ያድጋል። ቴአትር ተሠርቶለታል፤ አዲስ አበባም የመድፉን አምሳያ አደባባይ ላይ አቁማለታለች።

በዚያው ሰሞን ቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ፣ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ለዚህኛው አደባባይ የሰጠው የለም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የሚመራው ጦር 13,000 ያህል ወታደር ነበረው፤ ተከታዩ፣ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ከወታደሩ ይበልጣል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎች፣ ግመሎችና በሬዎች አሉ፤ ከሕንድ የተጫኑ 44 ዝሆኖችም አሉ። ይህ ሁሉ ፍጡር የወረደበት ዳርቻ ወንዝ የለውም፤ ጉድጓዱም ለዚያ ሁሉ ጉሮሮ አይበቃም። ውሃ የሰጡት መርከቦቹ ናቸው። መልሕቅ ጥለው ቆመው የባሕሩን ውሃ በማሞቂያ ጋናቸው አፈሉት፤ እንፋሎቱን አቀዘቀዙት፤ ጨው አልባውን ውሃ ወደ የብስ አወረዱት። መጀመሪያ ላይ አልበቃም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ከብቶች በጥም አለቁ። በኋላ ግን ማጣሪያው በዛ፤ የእንጨት መውረጃ ድልድይ ተሠራ፤ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ሦስት መርከቦች ሆስፒታል ሆኑ። በዚያ ዘመቻ ከ200 በላይ መርከቦች ተመላልሰዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጭነት ያመላለሱ ናቸው፤ መድፋቸውን በኢትዮጵያ ምድር ላይ አልተኮሱም።

እኔ የመቅደላን ውጊያ ውጤት የወሰነው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው ከሚሉት ጋር እስከ መንገዱ አጋማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ጠመንጃው ውጊያው ወደተደረገበት እሮጌ ሜዳ ለመድረስ አስቀድሞ ዙላ ላይ ጥሙን መቁረጥ ነበረበት። የሀገራችን ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ ፈረሰኛውን ያነሣል፤ አጋሰሱን አያነሣም። ይሁን እንጂ ዱቄቱን፣ በርበሬውን፣ ባሩዱንና ድንኳኑን ተሸክሞ ከኋላ የሚመጣው አጋሰስ ከቀረ ፈረሰኛውም በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባሕርም የራሱ አጋሰሶች አሉት። ይህ ምዕራፍ ስለ እነርሱ፣ በተለይም ከእነርሱ መካከል የኢትዮጵያን ስም ተሸክማ ስለኖረችው ስለ አንዲቷ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ትልቁ ባሕር ከመውረዳችን በፊት ጣና ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ቴዎድሮስ ያለ መርከብ ኃይል ጎደሎ መሆኑ ያልገባቸው ንጉሥ አልነበሩም። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚገቡበት ይህ ሐይቅ በደሴቶች የተሞላ ነው። ደሴቶቹ ደግሞ ባላገሩና ነጋዴው ንብረቱን የሚያሸሽባቸው፣ የንጉሥ ፈረሰኛ የማይደርስባቸው መጠጊያዎች ነበሩ። በ1866 ንጉሡ ዘጌ ሰፍረው፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከባልደረቦቹ ጋር ማዶ ቆራጣ በነበረበት ወቅት፣ ጣና ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ጀልባ ተሠራ። ገላው ያው የታወቀው ደንገል ነው። ነገር ግን ከታንኳ እጅግ ይገዝፋል፤ ከላይ ሳንቃ ተነጥፎበታል፤ በግራና በቀኝ እንደ እንፋሎት መርከብ ያለ ጎማ ተገጥሞለታል። ጎማውን የሚያዞረው እንፋሎት ሳይሆን የሰው ክንድ ነው። ተንሳፈፈ፤ ሄደም።

ለሙከራ ያህል ግሩም ነው፤ ለጦር መርከብነት ግን ደንገሉ ራሱ አይፈቅድም። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ተራ ታንኳ እንኳ በየጊዜው ከውሃ እየወጣ ፀሐይ ካልሞቀ እየከበደ ይሄድና ይበሰብሳል፤ ወታደርና ጠመንጃ የተጫነበት ትልቅ ጀልባ ደግሞ ቶሎ ይሰምጣል። ያን ሥራ ወደፊት የሚያራምድ የእንጨት መርከብ አናጺም፣ ቦይለር ሠሪም ጋፋት ውስጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኮሌራ ሰፈሩን ሲፈጀው ንጉሡ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ፤ እንግዶቹም ወደ ጋፋት ተወሰዱ፤ የንጉሡም ልብ ወደ መድፉ አዘነበለ። መድፍ ምኞትን ቶሎ ያረካል። መርከብ ግን ዳርቻ ይፈልጋል፤ ገመድ ይፈልጋል፤ መጠገኛ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ሥራውን ዓመት ከዓመት የሚማር ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ትልቁ ባሕር እንውረድ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንባቢ የሚያስታውሳቸው የመርከብ ስሞች የተኳሾቹ ናቸው፤ ቢስማርክ፣ ያማቶ፣ ሚዙሪ። በየወደቡ መግቢያ ላይ ቆመው የነበሩትን መረብ ዘርጊ መርከቦች የሚያውቃቸው ግን የቀድሞ ባሕረኛና የታሪክ ተመራማሪ ብቻ ነው። ሥራቸው እንዲህ ነው። መርከቦች ነዳጅ ሊቀዱ፣ ሊጠገኑና ሊያርፉ ወደብ ውስጥ ሲሰበሰቡ በጦርነቱ ሁሉ እጅግ የተጋለጡበት ሰዓት እርሱ ነው፤ ቆመዋል፤ ተጠጋግተዋል። አንድ ባሕር ሰርጓጅ ሾልኮ ቢገባ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ያጠፋል። ስለዚህ በወደቡ አፍ ላይ ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር የብረት ገመድ መረብ ይወርዳል። ከላይ ተንሳፋፊ በርሜሎች ይይዙታል፤ ከታች ከባድ መልሕቆች ይጎትቱታል። ሰርጓጁን ለማገድ ሰፋፊ ዓይን ያለው መረብ ይበቃል። ቶርፒዶን ለማገድ የሚዘረጋው ግን እርስ በርሳቸው ከተሰካኩ የብረት ቀለበቶች የተሠራ ጠባብ መረብ ነው። ማዕበል ይበጣጥሰዋል፤ ዝገት ይበላዋል፤ የራስ ወገን መርከብም ይጎትተዋል። እነዚያ ትንንሽ መርከቦች ሲያነሡት፣ ሲጠግኑትና መልሰው ሲጥሉት ይከርማሉ። የአሜሪካኖቹ ከፊታቸው እንደ በሬ ሁለት ቀንድ ነበራቸው፤ መረቡና መልሕቁ የሚነሣው በቀንዶቹ መካከል ነው። ለብዙዎቹ የዛፍ ስም ሰጥተዋቸዋል።

መረቡ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ምክንያቱም ሲሠራ ምንም አይከሰትም። የሚታወሰው ሲጎድል ነው። በጥቅምት 1939 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ፣ ሰሜን ስኮትላንድ ወዳለው ስካፓ ፍሎው ወደብ በደንብ ባልተዘጋ ጠባብ መተላለፊያ ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለችውን የጦር መርከብ አሰጠመ፤ ከ800 በላይ ሰው አለቀ። በታኅሣሥ 1941 ደግሞ ስድስት የጣሊያን ጠላቂዎች በሦስት የውሃ ውስጥ መጓጓዣ ተፈናጠው በሌሊት ወደ እስክንድርያ ወደብ ቀረቡ። መረቡ ዝግ ነበር። እዚያው ሳሉ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦች ሊገቡ የመረቡ በር ተከፈተላቸው፤ ጠላቂዎቹም ከኋላ ተከትለው ገቡ። ሊነጋጋ ሲል ኩዊን ኤልሳቤጥና ቫሊያንት የተባሉ ሁለት ታላላቅ የጦር መርከቦች ታችኛው ገላቸው ተሸንቁሮ ወደቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰው ይህን ያደረገው በአንዲት የተከፈተች በር ነው።

እዚያው ቀይ ባሕር ላይ ምጽዋ የተዘጋችው በሌላ ዘዴ ነው። በመጋቢት መጨረሻ 1941 ከረን ስትወድቅ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ወደቡን ማዳን እንደማይችል አወቀ። ስለዚህ ጣሊያኖች የጦርና የንግድ መርከቦቻቸውን በመግቢያዎቹ ላይ በመስመር እያቆሙ በገዛ እጃቸው አሰጠሟቸው። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹን በፈንጂ ሰበሩ፤ የዎርክሾፑን ማሽን በመዶሻ አደቀቁ። ከተማዋ ሚያዝያ 8 ቀን እጇን ሰጠች። በዓመቱ የመጣው ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዚያ እሳት በሚተፋ ሙቀት ጥቂት ጠላቂዎችና ሠራተኞች ይዞ አንደኛውን ትልቅ መጠገኛ በቀናት ውስጥ አየር እየነፋበት ከባሕር ወለል አነሣው፤ መርከቦችንም ተራ በተራ አወጣ። ምጽዋ ከተዘጋች በኋላ ደጋው ላይ የቀረው የጣሊያን ጦር ከባሕር የሚመጣ ስንቅና ትጥቅ የለውም። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እጁን ሰጠ፤ ጎንደር እስከ ኅዳር ማለቂያ ቆየ። አርበኛውና የእንግሊዝ ጦር ያደረጉትን ማሳነሴ አይደለም። ሆኖም የጉናን ብርድ የሚከላከል ካፖርትና ለመድፉ ጥይት የሚያመጣ መርከብ የሌለው ምሽግ ቀኑ የተቆጠረ ነው።

አሁን ወደ መርከቧ።

የተሠራችው ሐይቅ ዳር ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ የሚባል ጣፋጭ ውሃ አለ፤ ከውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው ቦይና የውሃ በር ተቆፍሮለታል። ጣና እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም፤ የእርሱ መውጫ ዓባይ ነው፤ ዓባይ ደግሞ ጥቂት እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ሐይቁ ዳር ባለው ሐውተን በተባለ ስፍራ፣ በሐምሌ 1942 የመርከቧ የመጀመሪያ ብረት ተነጠፈ፤ በጥቅምት ውሃ ላይ ወረደች፤ ጥር 23 ቀን 1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አባል ሆነች። አላስካ ውስጥ ባለ የባሕር ወሽመጥ ስም ኦርካ ተባለች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ጭነቷን ስትይዝ ክብደቷ 2,750 ቶን ያህል ነው። በናፍጣ ትሄዳለች፤ ፍጥነቷ 18 ኖት ገደማ ነው፤ ለጦር መርከብ ዝቅተኛ ነው፤ ለአጋሰስ ግን መልካም ነው።

የኦርካ ሥራ የባሕር አውሮፕላኖች እናት መሆን ነበር። ካታሊና የሚባለው አውሮፕላን ሆዱ እንደ ጀልባ ነው፤ ከውሃ ተነሥቶ ውሃ ላይ ያርፋል። ሰላማዊ ውቅያኖስ በሺዎች ኪሎሜትር የተበተኑ ደሴቶች ያሉበት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ደሴት የአውሮፕላን ማረፊያ እስኪሠራ ጦርነቱ አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ ኦርካ ያለች መርከብ ወደ አንድ ጸጥ ያለ ወሽመጥ ገብታ መልሕቅ ትጥላለች። ለአውሮፕላኖቹ ማሰሪያ ተንሳፋፊዎችን ውሃው ላይ ታስቀምጣለች፤ ሌሊት የሚያርፉበትን መስመር በመብራት ታመለክታለች። ከዚያ በኋላ ያ ወሽመጥ የአየር ኃይል ጣቢያ ነው። ቤንዚኑ በሆዷ ነው፤ ቦምቡ፣ ጥይቱ፣ መለዋወጫው፣ ዳቦው፣ የአየር ጠባይ ትንበያው፣ የአብራሪዎቹ አልጋ ሁሉ በእርሷ ነው። የሞተር ሕመም ያለበትን አውሮፕላን በክሬን አንሥታ በጀርባዋ ላይ ታክመዋለች። ጦሩ ወደፊት ሲሄድ መልሕቋን ነቅላ ትከተላለች። መድፍ አላት፤ ለራስ መከላከያ የሚሆን ነው።

በ1944 አጋማሽ ወደ ኒው ጊኒና ወደ አድሚራልቲ ደሴቶች አካባቢ ደረሰች። የምታስተናግዳቸው አውሮፕላኖች ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ በሌሊት የጃፓን ጭነት መርከብ የሚያድኑ ነበሩ፤ «ጥቁር ድመቶች» ይሏቸዋል። በኅዳር ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ሌይቴ ተሻገረች። ሌይቴ በዚያ ወር የካሚካዜ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ራሱን ከነነፍሱ ቦምብ አድርጎ የሚወረውር የጃፓን አብራሪ፣ ማደኛ ሜዳ ነበረች። እንደ ኦርካ ቤንዚን ተሸክሞ አንድ ቦታ መቆም ለሚፈርድበት መርከብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የኦርካ የጦርነት ታሪክ ከፍ የሚልበት ቀን ታኅሣሥ 3 ቀን 1944 ነው። ያ ሌሊት ኩፐር የተባለች አጥፊ መርከብ ኦርሞክ ወሽመጥ ውስጥ በቶርፒዶ ተመትታ በሰከንዶች ውስጥ ለሁለት ተሰበረችና ሰጠመች። 191 ሰዎች ሞቱ። የቀሩት በዘይት በተሸፈነ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ነጋባቸው። ዳርቻውን ሁሉ የያዘው የጃፓን ጦር ነው፤ መርከብ ገብቶ ሊያወጣቸው አይችልም። ከሰዓት በኋላ ከኦርካ ጋር ይሠሩ የነበሩ ካታሊናዎች መጡ። አንደኛው አውሮፕላን ውሃው ላይ አርፎ ሰዎቹን እየጎተተ አስገባ፤ በክንፉ ሥር፣ በወለሉ፣ በመስኮቱ ጥግ፣ እስኪጠቀጠቅ ድረስ። ሲቆጠሩ ከራሱ ሠራተኞች ሌላ 56 ሰዎች ሆኑ። አውሮፕላኑ ይህን ያህል ሰው ይጭናል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። ውሃውን እየሰነጠቀ አምስት ኪሎሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ከማዕበሉ ተላቀቀ። ሁለተኛው 48 ሰው ጫነ። ከኩፐር ሰዎች 168 ያህሉ በሕይወት ተረፉ፤ አብዛኞቹ የወጡት በእነዚህ አውሮፕላኖች ነው።

እኔን የሚገርመኝ አብራሪው ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሜዳይ ተሸልሟል፤ ይገባዋልም። አውሮፕላኑ በዚያ ከሰዓት ነዳጁ ሙሉ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ የተገኘው በአንድ የጎማ ቱቦ ጎታችና በአንድ መካኒክ እጅ ነው። የእነዚያ ሰዎች ስም የተጻፈው በመርከቧ የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው።

በጥር 1945 ኦርካ ወደ ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ከዘመተው የወራሪ ጦር ጋር ሄደች። በጉዞው አንድ ካሚካዜ ከመርከቧ ጎን ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ጥቂት ሰዎች ቆሰሉ፤ እርሷ ግን ተረፈች። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1946 ቢኪኒ በተባለች ደሴት ላይ የአቶም ቦምብ ሙከራ ሲደረግ ከደጋፊ መርከቦቹ አንዷ ሆና ተገኘች። በ1947 ወደ ማከማቻ ተላከች። የኮሪያ ጦርነት በታኅሣሥ 1951 ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፤ ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ተራሮች ላይ በሚዋጋበት በዚያው ዓመት። እስከ 1960 አገለገለች። ያን ጊዜ የባሕር አውሮፕላን ዘመን እያለፈ ነበር፤ የጦር አውሮፕላን ሁሉ የብስ ማረፊያ አገኘ። ኦርካ ሥራ አጣች።

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ ምጽዋና አሰብ በአዲስ አበባ እጅ ገቡ፤ በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተመሠረተ። ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያንና ከዚያም የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሠልጥኖ ምክትል አዛዥ ሆነ። ጀልባዎች ነበሯቸው፤ መኮንን የሚያሠለጥን ትልቅ መርከብ ግን አልነበራቸውም። በጥር 1962 አሜሪካ ኦርካን በውሰት ሰጠች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ሆነ፤ በጎኗ ላይ «ኤ 01» ተጻፈ። በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ታሪክ ከእርሷ የገዘፈ መርከብ ኖሮ አያውቅም።

ይህች ምርጫ በድንገት የመጣች አይመስለኝም። ኖርዌይ ራሷ የኦርካን እህት መርከብ ከአሜሪካ ወስዳ በ1958 ሆኮን ሰባተኛ ብላ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አድርጋት ነበር። ጣሊያንም አንዷን እህት ወስዳለች፤ ምጽዋን በሰጠሙ መርከቦች የዘጋችውና ኢትዮጵያ፣ የአንድ ሞዴል መርከብ ባለቤቶች ሆኑ ማለት ነው። ምክንያቱ ከመርከቧ አሠራር ውስጥ ነው። አጥፊ መርከብ ሆዱ በሞተርና በጥይት የተሞላ ነው፤ እንግዳ ማሳደሪያ የለውም። አውሮፕላን አስተናጋጇ ግን ከራሷ ሠራተኞች በላይ ከ100 የሚበልጡ አብራሪዎችና መካኒኮች የሚያድሩባት፣ የሚመገቡባትና የሚሠሩባት ሆና ነው የተቀረጸችው። አብራሪው ሲሄድ አልጋው ለዕጩ መኮንኑ ቀረ። ዎርክሾፑ መማሪያ ሆነ። ነዳጇ ሩቅ ያደርሳል፤ ናፍጣ ሞተሯ ተማሪ ከሚያበላሸው በላይ ይታገሣል።

ስለዚህ ደጋ ላይ ተወልዶ ባሕርን በካርታ ብቻ ያየ ወጣት ኮከብ ቆጥሮ አቅጣጫ መፈለግን፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ተራ መጠበቅን፣ ማዕበል ሲመጣ ሆዱን መያዝን የተማረው በእርሷ ላይ ነው። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ከተለያዩ አገሮች የጦር መርከቦች ይመጡ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። የአሜሪካና የሶቪየት መርከበኞች በአንድ ወደብ የሚተያዩበት በዓል በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። «ኢትዮጵያ» በዚያ መካከል ባለቤት ሆና ትቆማለች። ያ ክብር የባሕር ኃይሉን አቅም ከነበረው አስበልጦ ያሳይ ነበር፤ በ1974 አባላቱ 1,500 ያህል ብቻ ነበሩ። ለክብረ በዓሉ የወጣው ገንዘብ ለመርከብ መጠገኛ ቢውል ይሻል ነበር የሚል ክርክር ቢነሣ እኔ ከክርክሩ ጋር ነኝ።

ልዑል እስክንድር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ነው። መርከቧ ግን ቀረች፤ በ1976 ኢትዮጵያ ገዝታ የራሷ አደረገቻት። በዓመቱ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት መርከቦች፣ ሚሳይል ጀልባዎቹና ሁለቱ ፍሪጌቶች፣ የሶቪየት ናቸው፤ ቋንቋቸው ሌላ፣ ብሎናቸው ሌላ፣ ጥይታቸው ሌላ። በሲያትል ሐይቅ ዳር ለተሠራች የ1942 መርከብ መለዋወጫ ከኦዴሳ አይመጣም። ብዙ ሠራዊት የሚወድቀው በውጊያ ሳይሆን እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ አጋሰሱ ራሱ ስንቅ ሲያጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በየካቲት 1990 የኤርትራ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር ምጽዋን ሲይዝ በምድር ከታንክ ጋር፣ በባሕር ደግሞ መትረየስና ሮኬት በጫኑ ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነበር የመጣው። ባሕር ኃይሉ ዋና መኖሪያውን አጣ፤ መርከቦች ሰጠሙ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሊወድቅ ሲል የተረፉት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» ከእነርሱ ጋር ነበረች፤ 47 ዓመት ባገለገለ ሞተር። እዚያው ቆማ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ኋላ ጅቡቲ የገቡት ሌሎች መርከቦች የወደብ ኪራይ ባለመከፈሉ በ1996 ሐራጅ ወጡ፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ።

በ2019 መንግሥት ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ሲነሣ፣ በመጋቢት ፈረንሳይ ልትረዳ ከተስማማች በኋላ፣ በየሻይ ቤቱ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ምን ዓይነት ሚሳይል፣ ምን ዓይነት የጦር መርከብ ሊገዛ ነው? እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ግዢ መድፏ ትንሽ፣ አልጋዋ ብዙ የሆነች አሮጌ ማሠልጠኛ መርከብ ትሁን እል ነበር። ሰው ግን ያለ መርከብም እየሠለጠነ ነው። ከደብረ ታቦር 100 ኪሎሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ የመርከብ መሐንዲስ ያደርጋል። ተመራቂዎቹ በውጭ ኩባንያዎች መርከብ ላይ ይቀጠራሉ። የሚሠሩት በኮንቴይነርና በነዳጅ ጫኝ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ ነው፤ አራት ሰዓት ተረኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት።